ምንጭ ዳር የኖረ እጅ

አንድ ሰው ነበረ። መድኃኒት አዋቂ ነው። ቤቱ ጉም የማይለየው ምንጭ ዳር ስለሆነ፣ ከሩቅ ሲያዩት ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ለትኩሳት የሚሆን አንድ መራራ ሥር ነበረው። ሥሩን ለጉድ ነው የሚወደው። ሲነጋም ሲመሽም ምንጩ ውስጥ ያጥበዋል፣ ያሸዋል፣ እንደ ሕፃን ያናግረዋል።

እናቶች ልጅ ታቅፈው ይመጣሉ። ከምንጩ ቀና ይልና የልጁን ግንባር ይዳስሳል። «ውይ ውይ! እሳት ነው!» ይላል። የመጣው ልጅ ሁሉ እሳት ነው። አይዋሽም እኮ፤ እውነትም እጁን ያቃጥለዋል። ከዚያ ሥሩን ያጠጣል፣ ጡት ይከለክላል። ልጆቹ በዚያ ጉም ውስጥ እየቀጠኑ፣ ድምፃቸው እየሰለለ ይሄዳል። እሱ ግን «ትኩሳቱ ነው ያከሳቸው፤ ሥሩ ባይኖር ምን ይውጣቸው ነበር!» ይላል።

አንድ ቀን አንዲት ሴት የሚያለቅስ ልጇን ይዛ መጣች። ዳሰሰላት።

«እሳት ነው። ጡት እንዳትሰጪው።»

«አባቴ፣ ርቦት ቢሆንስ?»

«ስንት ልጅ የዳሰሰ እጅ ነው! ዛሬ ባንቺ ልጅ ይሳሳታል?»

ወተቷ ቀሚሷን አልፎ ይፈሳል። ልትለምነው እጁን ልትስም ያዘች። ግን ሳትስመው ቀረች።

«ውይ አባቴ፣ እጅዎ በረዶ ሆኗል!»

የልጇን እጅ እንደምታሞቀው በመዳፏ መሀል አድርጋ አሻሸችው፣ ተነፈሰችበት። እጁን ያሞቀለት ሰው ኖሮ አያውቅም። እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ፈዞ ተቀመጠ። ኋላ «እግዜር ይማርልሽ» ሊል እጁን ልጁ ግንባር ላይ ጫነ።

«ትኩሳቱ የት ሄደ?»

«እኔ እንጃ አባቴ፤ ልጁ እንደሆነ ከጭኔ አልወረደም።»

ምንጩን አየ። እጁን አየ። «አጥቢው» አለ ቀስ ብሎ። የልጁ ለቅሶ ቆመ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የውኃው ድምፅ ብቻ ነበረ።

እህቴ፣ «የዱቄት ወተት የሚሸጡት ያስጠኑት ጥናት ጡት ብቻ አይበቃም ይላል፤ ልመን ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያጠናው ሰው ውሸታም ላይሆን ይችላል። ግን የሚወደውን ነገር ሲያጥብ የኖረ እጅ ጤነኛውም ያተኩስበታል። «ምን አገኘ?» ከማለትሽ በፊት «እጁ የት ቆይቶ መጣ?» በይ። ሌላ፣ ምንጩ ዳር ያልኖረ እጅም ነገሩን ይዳስሰው።

የኔም እጅ ቢሆን ስፈራ ይቀዘቅዛል። አሁን ልጄን ከመንካቴ በፊት እጄን ብብቴ ውስጥ አሞቀዋለሁ።