ደህና ነን ያሉት ጉድጓድ ቆፋሪዎች

ኑ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ያኔ እንስሳውም ዕቃውም አፍ ነበረው አሉ።

አንድ ክረምት ዝናቡ ቀረ፤ ወንዙም ደረቀ። የእንስሳቱ ግልገሎች በውሃ ጥም ሊያልቁ ሆነ። ትልልቆቹ ጊዜ ሳይሰጡ ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። ፍልፈል ከታች ይቆፍራል፣ አህያ አፈሩን በቅርጫት ትጎትታለች፣ ቅርጫቱን የያዘው ገመድ ነው። አለቃቸው አያ ዝሆን ነው። ክፉ አልነበረም፣ ኧረ እንዲያውም ደግ ነው። በየማለዳው የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ይቆምና "ደህና ናችሁ?" ይላል። "ደህና ነን፣ ይመስገን" ይላሉ። እኛስ ያው አይደለን? ወገባችን እየተቆረጠ "ደህና ነኝ" እንላለን እኮ።

አንድ ቀን ገመድ ተበጠሰ። አፈር የሞላው ቅርጫት ቁልቁል ወርዶ የፍልፈልን አፍንጫ ታክኮት አለፈ። ለጥቂት ነው የተረፈው!

ዝሆን ተቆጣ። ደህና ነኝ ስትል አልነበረም ወይ ብሎ ገመድን አፋጠጠው።

"ጌታዬ፣ ደህና ነህ ሲሉኝ ምን ልበል?" አለ ገመድ። "ሰላምታ አልመልስ?"

ዝሆን ጆሮውን ማወዛወዝ እስኪረሳ አሰበ። ፍልፈልም ቧጥጦ ወጣ፤ ሁሉም ተሰበሰቡ።

"ከዛሬ ወዲያ ደህና ናችሁ አልልም" አለ ዝሆን። "ምን አስፈራችሁ ነው የምለው። የተናገረውን የሚቆጣ ከእኔ ጋር ይተያያል።"

ገመድን ጠየቀ። የምታከክበት ድንጋይ እየፋቀኝ አለቅሁ አለ፤ ለስላሳ ግንድ አነጠፉለት። አህያን ጠየቀ። የተቆለለው አፈር መርገጫ አሳጣኝ አለች፤ አፈሩን አራቁላት። ፍልፈልን ጠየቀ። መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። ደግሞ ጠየቀው፤ አፍንጫውን ጠረገ። ሦስተኛ ጠየቀው።

"የምፈራው እርስዎን ነው" አለ ፍልፈል። "ደህና ናችሁ ሊሉን ጠርዙ ላይ በቆሙ ቁጥር አፈሩ ራሴ ላይ ይረግፋል።"

አህያ መሬት መሬት አየች። ገመድ ተኮማተረ። ዝሆን የገዛ እግሩን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ አለ። እግሩን ከማንሣቱ ጠርዙ ግምስ ብሎ ተናደ! የጉድጓዱ ግማሽ በአፈር ሞላ። ውስጡ ግን ማንም አልነበረም። ፍልፈል እዚያው አጠገባቸው ቆሟል፤ በሕይወት አለ።

"እንኳን ፈራህ" አለው ዝሆን፤ "እንኳንም ነገርከኝ።"

አፈሩን ጠረጉ፣ ጠርዙን በድንጋይ ካቡት። ዝሆንም ከሩቅ ሆኖ መጠየቅ ለመደ። አንድ ረፋድ ላይ ውሃው ፏ ብሎ ወጣ! የመጀመሪያውን ጉንጭ የጠጣው ፍልፈል ነው። ከዚያ ግልገሎቹ፣ ከዚያ አገሩ ሁሉ እየጨፈረ ጠጣ።

አያችሁ ልጆቼ፣ ከላይ የቆመ ከታች ያለውን ካልጠየቀ እግሩ የት እንዳረፈ አያውቅም። እኔ አውርቼ ጨረስኩ፤ ተራው የእናንተ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ዛሬ ምን አስፈራችሁ?