የሁለቱ ሸማኔዎች ቀን

ሰው ቀን ቆርጦ ሲቀር በእኛ አገር የሚነሳ አባባል አለ፤ ሰሚው ይስቃል፣ መነሻው ግን አያስቅም።

ይርዳውና ቢያድግልኝ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሸምኑ ጎረቤታሞች ነበሩ። በእጅ ሥራ አይበላለጡም። ይርዳው ግን ሥራ ሲመጣለት መጀመሪያ የተዘረጋውን ድር ያያል፣ ተራ የሚጠብቀውን ፈትል ይዳብሳል፣ ከዚያ ቀን ይቆርጣል። የቆረጠው ቀን አይዛነፍም። ስለዚህ ሥራ ይዞ የሚመጣው ሁሉ ቢያድግልኝን እግረ መንገዱን ሰላም ብሎ ወደ ይርዳው ያልፋል። ቢያድግልኝ ነደደው። የይርዳው መወርወሪያ ቀጭ ባለ ቁጥር የእሱን ደረት የሚወጋ ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ለሙሽራ ልጃቸው ቀሚስ የሚሆን ፈትል ይዘው ወደ ይርዳው መጡ። ሠርጉ ከቃና ዘገሊላ ቀጥሎ ያለው እሑድ ነው።

“ለጥምቀት ያገኙታል፤ ከዚያ በፊት ብል እዋሻለሁ” አለ ይርዳው።

“መስፊያ ቀን ይጠበኛል እኮ!”

“ይጠባል፤ ግን ይደርሳል።”

ቢያድግልኝ ከወዲያ ብድግ አለ። “እኔ ለገና አደርስልዎታለሁ!”

ወይዘሮዋ ደስ ብሏቸው ፈትሉን ለእሱ ሰጡ። ቢያድግልኝ ያን ዕለት ሲያንጎራጉር ዋለ። ከዚያማ ለመደው። ይርዳው ለገብርኤል ሲል እሱ ለሚካኤል ይላል፤ የአንዱን ሳይጨርስ የሌላውን ይቀበላል።

ገና መጣ፤ የሙሽራዋ ፈትል ግን ገና አልተደወረም። ወይዘሮዋ “ነገ፣ ነገ” እየተባሉ ተመላለሱ። ጥምቀት ሲቃረብ እያለቀሱ ወደ ይርዳው ዞሩ። ይርዳው የያዘውን ሥራ አስረክቦ ነበርና ጎረቤቱ ዘንድ ሄደ።

“አያ ቢያድግልኝ፣ ድሩን አብረን እንዘርጋው። ሁለት ሆነን ከያዝነው ለሠርጉ ይደርሳል።”

“ይርዳው አዳነኝ ከምባል ቢቀር ይሻለኛል!” ቢያድግልኝ ፈትሉን ደረቱ ላይ አቅፎ ያዘ።

ልጅቱ በእህቷ አሮጌ ቀሚስ ተዳረች።

ከሠርጉ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። አባ ተካልኝ የሚባሉት አዛውንት ፈትሉን ይዞ የቀረበውን ቢያድግልኝን ጠየቁት፦ “የሰው ሥራ ሞልቶብህ ሳለ ለገና ይደርሳል ያልከው ምን አይተህ ነው?”

“ይርዳው ለጥምቀት ስላለ ነዋ!”

ያለው ነገር ለራሱ ለቢያድግልኝ የተሰማው ያን ጊዜ ነው፤ አንገቱን ደፋ። አባ ተካልኝም ፈትሉን ከእጁ ተቀብለው ለወይዘሮዋ እየመለሱ፣ “በሰው ቀን የቀጠረ፣ በገዛ ቀኑ አፈረ” አሉ።