በር የሌለው ጓሮ

ተረት ተረት።

የላም በረት።

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? እራት አልበላችሁም እንዴ? እኔም አልበላሁም፣ ግን እዩኝ፣ እጮኻለሁ። እስቲ እንደገና። ተረት ተረት።

የላም በረት!

እንዲያ በሉ እንጂ። በድሮ ዘመን፣ አንበጣ ሰማይ ጋርዶ በመጣ በማግስቱ ዓመት ነው። ምንጭ አፋፍ የሚባል አገር ነበረ። አገሩ ለሁለት የተከፈለ ነው። ከምንጩ በላይ ያለው ላይ ሰፈር ይባላል። ከምንጩ በታች ያለው ታች ሰፈር ይባላል። በመካከላቸው፣ ከምንጩ አጠገብ፣ ጥቁር አፈር ያለው ለም መሬት ነበረ። ይህን መሬት ማንም አያርሰውም። ለምን አያርሰውም? ላይ ሰፈር ሞፈር ካነሳ ታች ሰፈር ይከሳል። ታች ሰፈር ሞፈር ካነሳ ላይ ሰፈር ይከሳል። ስለዚህ መሬቱም ጦሙን ያድራል፣ ሰውም ጦሙን ያድራል። ክብራቸው ግን ተጠብቋል። እሰይ።

በዚያ ዓመት ሰው ሳማ እየቀቀለ ይበላ ነበር። ጎተራ ውስጥ የሚበላ ስላልተገኘ አይጡ እንኳ አገር ለቆ ነበር።

ከምንጩ ዳር ገላነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። ቤቷ ላይም አይደለ፣ ታችም አይደለ። እህል ሲታደል ላይ ሰፈር፣ «የታች ናት» ይላል፤ ታች ሰፈርም፣ «የላይ ናት» ይላል። ሰርግ ተደግሶ ውሃ የሚቀዳ ሲጠፋ ግን ሁለቱም «የእኛዋ ገላነሽ» ይሏት ነበር። ገላነሽ አንዲት ልጅ አለቻት፣ ይርገዱ የምትባል። የይርገዱ ባል ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርዷል። እሷ ደግሞ ሆዷ ገፍቶ መውለጃዋ ደርሷል። እናትየው ልጇን ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል። ይቺ ልጅ ምን በልታ ልታጠባ ነው እያለች እንቅልፍ አጣች።

ገላነሽ ከአንበጣው የተረፈች አንዲት ቅል የጎመን ዘር ነበረቻት። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንዲሉ፣ ቅሏን ከራስጌዋ አታነሳትም ነበር። ታዲያ አንድ እሑድ ቅሏን ይዛ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ጠበቀችና፣ እንዲህ አለች፦ ጌቶቼ፣ የምንጩን መሬት የሁላችን ጓሮ እናድርገው። ዘሩ ከእኔ፣ ጉልበቱ ከሁላችን። ጎመን አርባ ቀን አይፈጅም። ለአራሱም ለሽማግሌውም ይደርሳል።

አገሩ ሁሉ «እውነት ነው» አለ። ልጆቼ፣ አገር በሙሉ እውነት ነው ሲል ፍሩ።

ወዲያው የላይ ሰፈሩ ጭቃ ሹም ጎሹ ተነሳ። ጭቃ ሹም ማለት የመንደር አለቃ ነው፤ ይኼኛው ግን ጭቃ ነክቶ አያውቅም። ዘንጉን ተደግፎ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለ። ተቀመጠና ደግሞ ተነስቶ እሱኑ ደገመው። ድሩንም አልፈተለ፣ አንበሳውንም አላየ። ከዚያም የታች ሰፈሩ አለቃ አያ ቢምረው ከማን አንሼ ብሎ ተነሳና፣ እሱም ድር ቢያብር አለ። በዚህ አንደኛው እሑድ አለቀ።

በሁለተኛው እሑድ ሹመት ሆነ። የውሃ ሹም ተሾመ። የአጥር ሹም ተሾመ። የአረም ሹም ተሾመ፣ እሱንም ጎሹ ለራሱ ወሰደው። ወፍ የሚከለክል የወፍ ሹምም ተሾመ። ላይ ሰፈር አንድ ሹም ሲያገኝ ታች ሰፈር አንድ ይጨመርልኝ ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ በአገሩ ሹም ያልሆነ ወንድ ጠፋ። ሹም ደግሞ ዶማ አይጨብጥም፣ ነውር ነው። በሦስተኛው እሑድ ጓሮው የላይ ሰፈር ጓሮ ይባል ወይስ የታች ሰፈር ጓሮ ሲባባሉ ዋሉ። አራተኛው እሑድ ዘነበና ቀረ።

ገላነሽ ግን ሹመት አልደረሳትም። ሹመት ያልደረሰው ሰው ምን ይሠራል? ይቆፍራል። በመጀመሪያው ሰኞ ዶማዋን ይዛ ወረደችና መሬቱን ከሰከሰችው። ይርገዱም ያንን ሆዷን ይዛ ፍግ በቁና ታመላልስ ነበር። ከዚያም እናትየው ዘሩን በተነች። ዝናሙም ረዳት። እናትየው ማታ ማታ የልጇን ሆድ ታያለች፣ ጧት ጧት ቡቃያውን ታያለች። የቱ ይቀድም ይሆን እያለች ትጨነቅ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ልጁ ቀደመ። ይርገዱ ወንድ ልጅ ወለደች። ጎመኑም ወዲያው ጉልበት ደረሰ።

ሹሞቹ ከላይም ከታችም ሆነው ቁልቁልና ሽቅብ ቢያዩ አረንጓዴ ነው። ጎሹ «ስብሰባችን ፍሬ አፈራ» አለ። አፈር አይንካህ እቴ፣ ስብሰባችን ይላል እንጂ! ከዚያም ሌባ ይመጣል የሚል ፍርሃት ገባቸው። ሌባው ማን ነው? ላይ ሰፈር ታች ሰፈርን ያያል፣ ታች ሰፈር ላይ ሰፈርን ያያል። ስለዚህ ለማጠር ደቦ ተጠራ። ለመቆፈር ያልወጣ ሰው ለማጠር ጎህ ሲቀድ ወጣ። ቀጋ ተቆረጠ፣ አጋም ተቆረጠ፣ ግራር ተጎተተ። ከሰው ቁመት በላይ አድርገው ዙሪያውን አጠሩት። በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ሠርተው አያውቁም።

አሁን በሩ የት ይሁን? ጎሹ በላይ በኩል ይሁን አለ። ውሃውም ሹመቱም ከላይ ነው የሚመጣ አለ። ቢምረው በታች በኩል ይሁን አለ። በላይ ከሆነ ታች ሰፈር ለገዛ ጎመኑ ደጅ ሊጠና ነው ወይ አለ። ከዚያ ዘንግ ለዘንግ ሊማዘዙ ሆነ። ሽማግሌ ገባና፣ ለጊዜው ይዘጋ፣ በሩን ሌላ እሑድ እንመክርበታለን ተባለ። እሺ፣ ተዘጋ። ግን ደግሞ ላይ ሰፈር፣ ታች ሰፈር በስርቆሽ የራሱን በር ቢያበጅስ ብሎ ፈራ። ታች ሰፈርም እንዲሁ ፈራ። በዚህ ጊዜ ቄስ አሥራደን ጠሩና አጥሩን አስገዘቱ።

ቄሱም መስቀላቸውን ይዘው ቆሙና፣ እንዲህ አሉ፦ ይህን አጥር የነቀለ፣ የዘለለ፣ በሥሩም የሾለከ፣ የተገዘተ ይሁን።

እንግዲህ ስሙኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ገላነሽ የት ነበረች? ውስጥ ናታ! ከማለዳ ጀምራ ከጎመኑ መሐል ጎንበስ ብላ ስታርም ነበር። ሲያጥሩ ሰምታለች፣ ግን በር ይተዋሉ ብላ ነበር፤ ቀና ስትል ዙሪያው እሾህ ነው። ገና አሜን ሳይባል ወደ አጥሩ ሮጠችና ጮኸች። እኔ እዚህ ውስጥ ነኝ ልትል ነበር። እኔ እዚህ ብላ ሳትጨርስ ጎሹ ዘወር እንኳ ሳይል፣ እንዲህ አላት፦ ቆይ አንቺ ሴትዮ፣ በተራሽ ትናገሪያለሽ።

ከዚያም አገሩ አሜን አለ፣ ትከሻውን አራግፎም ወደ ቤቱ ሄደ። ተራዋም ሳይደርስ ቀረ።

ይርገዱ የሰባት ቀን ልጇን ታቅፋ እናቷን ብትጠብቅ ቀረችባት። አራስ ናት፣ ከቤት አትወጣም፣ ግን ወጣች። እናቷን በእሾኹ ቀዳዳ አየቻትና ጎሹ ዘንድ ሄደች። ጎሹ ደነገጠ። አጥሩን እንዳይከፍት ግዝት ነው። ቄሱን ጠሩና ይፍቱልን አሏቸው። ቄስ አሥራደም ያስገዘታችሁኝ ሁለት ሰፈር ናችሁ፣ በሩ የት እንደሚሆን ሁለታችሁም ተስማሙና ያን ጊዜ እፈታለሁ አሉ። ጎሹ በላይ ይሁንና ሴትዮዋ ትውጣ አለ። ቢምረው በታች ይሁንና ሴትዮዋ ትውጣ አለ። ሁለቱም አዘኑላት። አዝነው አዝነው ለእሑድ ቀጠሩ።

ገላነሽ ነጠላዋን ተከናንባ ሁለት ሌሊት ከጎመኑ ጋር አደረች። አጥሩ ደኅና አጥር ስለነበረ ጅብ እንኳ አልደፈረውም። በሦስተኛው ቀን ጧት ይርገዱ ልጁን ታቅፋ መጣች። ልጁ ያለቅሳል፣ ድምፁ ግን ቀጥኗል።

፦ እማዬ፣ ጡቴ ነጠፈ። ከትናንት ጀምሮ ቢስብ ቢስብ ጠብ የሚል የለም።

ገላነሽ ዙሪያዋን አየች። ጎመን ነው፣ እስከ ጉልበቷ ጎመን። በልጇና በጎመኑ መካከል ደግሞ እሾህና የቄስ ቃል አለ። ልጆቼ፣ ግዝት እኮ ቀላል ነገር አይደለም። እኔም ብሆን እፈራ ነበር። እሷም ፈራች፣ አለቀሰችም። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና፣ እንዲህ አለች፦ አልነቀልኩ፣ አልዘለልኩ፣ አልሾለክሁ። ኃጢአት ከሆነም በእኔ ይሁን፣ ልጁ ይጥባ።

ለጋ ለጋውን ቀነጠሰችና እጇን በእሾኹ መሐል አሾልካ ሰጠቻት። ክንዷ ተቧጭሮ ደም በደም ሆነ። ይርገዱ ቀቀለችና በላች፣ መረቁንም ጠጣች፣ ለእናቷም በትንሽ ቅል አድርጋ በዚያው ቀዳዳ አቀበለቻት። በማግስቱ ወተቱ መጣ። ልጁም ጠብቶ ተኛ።

ታዲያ በዚያ በረሃብ ዘመን የተቀቀለ ጎመን ሽታ ይደበቃል? መጀመሪያ የታች ሰፈር ሴቶች መጡ። ከዚያ የላይ ሰፈር ሴቶች መጡ። ሌማት የያዘ፣ ቁና የያዘ፣ ነጠላውን የዘረጋ፣ ሁሉም በአንዲቷ ቀዳዳ ተሰለፈ። ገላነሽም ከውስጥ ሆና መጀመሪያ አራስ፣ ቀጥሎ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ ልጅ ያላት እያለች ትሰጣለች። ከላይ ናችሁ ከታች ናችሁ ብላ አልጠየቀችም። የምንጭ አፋፍ ሰው በአንድ ሰልፍ ሲቆም ያ የመጀመሪያው ነው።

ይህን የሰማ ጎሹ ቢምረውን አስከትሎ እየተንደረደረ ወረደ። በስድብ ሲሆን ሁለቱ ይስማማሉ።

፦ አንቺ ሴትዮ! በማን ፈቃድ ነው የተገዘተ ጓሮ የምትዘርፊው?

፦ ጌታዬ፣ ግዝቱ ለሚገባ ነው። እኔ መቼ ገባሁ? ዘግታችሁብኝ ሄዳችሁ እንጂ። ካላመኑኝ አባታችንን ይጠይቋቸው፣ ከኋላዎ አሉ።

እውነትም ቄስ አሥራደ ከሰልፉ መካከል ነበሩ። ከጋቢያቸው ሥር ትንሽ ሌማት ይዘዋል። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ነቃይን ገዘትኩ፣ ዘላይን ገዘትኩ፣ ሾላኪን ገዘትኩ፣ ጎመን አቀባይን ግን አልገዘትኩም አሉ። ይህን ብለው ሌማቱን ወደ ቀዳዳው ጠጋ አደረጉ።

ጎሹ ስድቡን ሊቀጥል ነበር። ሆዱ ግን የሚለው ነበረው። ሚስቱም ያለ ጎመን እንዳትመለስ ብላዋለች። ዘንጉን ወደ ጎን አደረገና፣ አሮጊቶቹን ገፋ ገፋ አድርጎ ከቀዳዳው ፊት ቆመ። እጁንም ዘረጋ። ገላነሽ ከእሾኹ ወዲያ ሆና አየችው። ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

፦ ቆይ ጭቃ ሹም፣ በተራዎ።

ከዚያ አንዲት አሮጊት ሳቀች፣ ሌላዋም ሳቀች፣ አገሩ በሳቅ ወደቀ። ጎሹ ከመጨረሻዋ አሮጊት ኋላ ሄዶ ቆመ። ከእሱም ኋላ ቢምረው ቆመ። ፀሐይ ጠበሰቻቸው። ሰልፉ ደግሞ አይሄድም። ሁለቱ እዚያው ቆመው መንሾካሾክ ጀመሩ። በስንት እሑድ ያልተቆረጠ ነገር ቀትር ሳይሆን ተቆረጠ። ከሴት ኋላ ቆሞ ጎመን ከመለመን በሩ የትም ይሁን አሉ። ግን ጎሹ በታች አይልም፣ ቢምረውም በላይ አይልም። ላይም ታችም ያልሆነች አንዲት ቤት ብቻ አለች። በሩ በገላነሽ ደጅ በኩል ሆነ።

ቄሱ ግዝቱን ፈቱ። እሾኹ ተነሳ። ሁለቱ ሹሞች ሌማታቸውን ይዘው ቀድመው በሩ ላይ ቆሙ። ገላነሽ ዶማዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ክንዷ እንደተቧጨረ፣ ብቅ አለች። ይርገዱ ልጁን ሰጠቻት። አያትየው ልጁን ለማቀፍ ሁለቱም እጆቿ ያስፈልጓታል። ስለዚህ ዶማውን ወደ ሹሞቹ ዘረጋችው።

፦ አረሙ ግማሹ ቀርቷል። የአረም ሹም ማን ነበር?

ሁሉም ዞር ብሎ ጎሹን አየው። ጎሹ ዶማውን ተቀበለ። ገላነሽ የልጅ ልጇን ታቅፋ ቤቷ ገባች። ጎሹ ዶማውን ገልበጥ፣ ደግሞ ገልበጥ አደረገና፣ ቀስ ብሎ ቢምረውን በየት በኩል ነው የሚያዝ ብሎ ጠየቀው። ቢምረውም አያውቅም ነበር።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ፣ አፌም ደረቀ። አፌን በዳቦ አብሱልኝ፣ ዳቦ ከሌለም ጎመን ይሆናል። ማን ያምጣላት ብላችሁ ግን ስብሰባ እንዳትቀመጡብኝ።