የማሽኑ ዋስ

ደሴ ውስጥ ሰው ስለ ገዛ ሥራው አብዝቶ ሲምል፣ ከጎኑ ያለው ፈገግ ብሎ ስለ ዋስ የሚናገራት አንዲት አባባል አለች። ብዙው ሰው ከድሮ ችሎት የወረደች ትመስለዋለች። የተወለደችው ግን በቅርቡ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለ አንድ ፎቅ ሦስተኛ ደርብ ላይ ነው።

ይታይሽ የምትባል እናት አሻራዋን ትታ በብዕር መፈረም የጀመረችው በአርባ ስምንት ዓመቷ ነበር። የማታ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ፊደል ከቆጠረች በኋላ፣ ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ በቁም ነገር የጻፈችው በልጇ በሕሊና የዋስትና ቅጽ ላይ ነው። ሕሊና የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፋለች። ስትቀጠር፣ ጥፋት ብታጠፋ የሚጠየቅላት ሰው አምጪ ተባለች፤ ያ ሰው እናቷ ሆነች። ከዚያ ወዲያ ይታይሽ እንቅልፏ ስስ ሆነ። ልጅቱ ከሥራ ስትገባ፣ ዛሬ ምንም አልተበላሸም ወይ ብላ ሳትጠይቅ እራት አታቀርብም ነበር።

የድርጅቱ ባለቤት አቶ ናሁሰናይ ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄዶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ማሽን ፕሮግራሙን ራሱ እንደሚጽፍ፣ የጻፈውንም ራሱ እንደሚመረምር፣ አራት ሰው በሁለት ወር የሚሠራውን በሁለት ቀን እንደሚጨርስ፣ ይህን ያልያዘ ድርጅት ዓመት እንደማይሞላው ሰምቶ ነበር። እንደሰማም ከአራቱ ሠራተኞቹ ሦስቱን አሰናበተ። ሕሊናን ያስቀራት፣ ደንበኛው ሥራው መመርመሩን የሚገልጽ የሰው ፊርማ ስለሚፈልግ ብቻ ነው።

ሥራው ደግሞ እንዲህ የሚናቅ አልነበረም። የትኛው ሕፃን በየትኛው ቀን መከተብ እንዳለበት ለወረዳው ጤና ጣቢያዎች የሚያስታውስ ፕሮግራም ነው።

ሕሊና ምግብ አልበላ አላት። እናቷ ብትወተውታት፣ ማሽኑ አሥራ አንድ ሺህ መስመር እንደጻፈ፣ እሷ ሩቡን እንኳ እንዳላነበበች፣ ሐሙስ ግን ፈርሚ እንደተባለች ተናገረች። ጊዜ ስጠኝ ብትለው አቶ ናሁሰናይ፣ ማሽኑ ያየውን ደግሞ ምን ታዪዋለሽ ብሏታል። እምቢ ካለች ሌላ ሰው ይቀጠራል።

«ያላነበብሽውን ልትፈርሚ ነው?» አለች ይታይሽ።

«ካልፈረምኩ ሥራዬን አጣለሁ፤ ብፈርም ደግሞ አንቺ ነሽ ዋሴ» አለች ልጅቱ።

ረቡዕ ዕለት ለይታይሽም ስልክ ተደወለላት። ሥራው ስለሰፋ የዋስትናው ቅጽ ይታደሳል፤ አንድ እማኝ ይዘው ይምጡ ተባለች። እሷም ጎረቤቷን ጋሽ ወልደየስን ለመነቻቸው። ጋሽ ወልደየስ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፉ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ዋስ ሆኖ ያዘነም፣ ዋስ አጥቶ የታሰረም ብዙ አይተዋል።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ናሁሰናይ ወንበር ስቦ በአክብሮት አስቀመጣቸውና ቅጹንና ብዕሩን አቀረበ። ይታይሽ ብዕሩን ወደ ጎን አድርጋ ጣቷን በመጀመሪያው መስመር ላይ አኖረች። አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረች። ሰውየው ሰዓቱን አየ፤ ጋሽ ወልደየስ ጣራውን አዩ። አራተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ስለ ሥራው ትክክለኛነት ይላል። የትኛው ሥራ ነው?»

አቶ ናሁሰናይን ደስ አለው። ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዙሮ፣ የፈለጉትን ይጠይቁት አለ።

ይታይሽ ከልጇ ሌላ ምሳሌ አልመጣላትም። «ሕሊናን ጳጉሜ አራት ነው የወለድኳት። አሁን አራስ ብትሆን መቼ ነው የማስከትባት?»

ሰውየው ያለፈውን ዓመት ጳጉሜ አራት ብሎ ሊጽፍ ቢል የወሮቹ ዝርዝር ነሐሴ ላይ አለቀበት። ጳጉሜ 4 ብሎ ራሱ ጽፎ አስገባው። መልሱ ወዲያው መጣ፤ የትውልድ ቀን ነሐሴ 34፣ ቀጠሮ የለም።

ሕሊና ከጥግ ካለው ጠረጴዛዋ ሆና፣ በወረዳው በጳጉሜ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ያለ ቀጠሮ ሊቀር እንደነበር በቀስታ ተናገረች።

«ትንሽ ነገር ናት» አለ አቶ ናሁሰናይ። ማሽኑን አስተካክል አለው። ማሽኑም ወዲያው፣ ይቅርታ፣ ተስተካክሏል፣ አሁን ሥራው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው ብሎ ጻፈ። እንደገና ቢጠይቁት፣ በጳጉሜ የተወለደችውን ልጅ ወደዚያው ዓመት መስከረም መልሶ አንድ ዓመት አስረጅቷት ተገኘ።

«እኔ እንኳ ልጄን አንድ ዓመት ለማሳደግ ዓመት ሙሉ ፈጅቶብኛል» አለች ይታይሽ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አቶ ናሁሰናይ፣ እንግዲያው አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ሕፃን ክትባት ቢያልፈው አንተ ዋስ ትሆናለህ ወይ ይበሉልኝ።»

ሰውየው እየሳቀ ጻፈው። መልሱ ሲመጣ ግን ሳቁ ቆመ። ሊያነብላትም አልፈለገም። ይታይሽ ወንበሯን አስጠግታ በጣቷ እየተከተለች ራሷ አነበበችው።

«ኃ-ላ-ፊ-ነት መውሰድ አል-ችልም። ሥራውን… በባለሙያ… ያስ-መርምሩ።»

ካነበበች በኋላ ቅጹን እጥፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። «ባለሙያዋ ልጄ ናት። አንብባ ስትጨርስ መጥቼ እፈርማለሁ። ሳታነብ ግን እሷም አትፈርም፣ እኔም ዋስ አልሆንም። ከሥራም ካስወጧት ያለኝን አብሬያት እበላለሁ።»

አቶ ናሁሰናይ ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ነሐሴ 34ን አየው። ከዚያ እዚያው በፊታቸው ስልኩን አንስቶ ለደንበኛው ደወለና የሦስት ሳምንት ጊዜ ለመነ። ቀጥሎም ካሰናበታቸው ልጆች ለአንዱ ደውሎ፣ ሰኞ መምጣት ትችላለህ ወይ አለው። ሕሊና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እንግዶቹን እስከ ደረጃው ሲሸኝ ግን ነገሩ አሁንም ከንክኖት ነበር።

«ጋሽ ወልደየስ፣ እኔ እኮ ዝም ብዬ አላመንኩትም። ሥራውን ራሱ መርምሮ፣ ምንም እንከን የለበትም ብሎ ማረጋገጫ ሰጥቶኝ ነበር።»

ሽማግሌው የደረጃውን ብረት ያዝ አድርገው ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ለራሱ ዋስ የሆነ ሲጠሩት አይገኝም።»