ያልተቆረጠው ክር

ተረቴ መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት! በአንድ አገር ሹራብ ስትሠራ የምትውል ጦጣ ነበረች፤ መርፌዎቿም የጃርት እሾሆች ነበሩ። ጦጢት አንድ ሥራ ጨርሳ አታውቅም። የባሏ ሹራብ እጅጌ ይቀረዋል፣ የአማቷ ካልሲ ተረከዙ ላይ ቆሟል። አንዱን ስታነሳ ወጡ ያርርባታል፣ ሌላውን ስትይዝ ለቅሶ ትጠራለች።

አንድ ጠዋት ጃርት መጥቶ ደጇ ላይ ቆመ።

«እመት ጦጢት፣ እሾሄን እየነቀልኩ ሰጥቼሽ ጀርባዬ ራቁቱን ሊቀር ነው። አንድም ነገር ስትጨርሺ አላየሁም። መርፌዎቼን መልሺልኝ!»

«አያ ጃርት፣ የዛሬን ብቻ ታገሠኝ። የልጄን ኮፍያ እኮ ቋጥሬ አጥልቄለታለሁ። ክሩን ልቆርጥ ስል ወጡ አረረብኝና ተነሳሁ።»

ዘወር ብላ ስታይ ልጁ የለም። ደጁን ጉም ውጦታል፤ ከጉሙ ወዲያ ገደል አለ። ብትጣራ ብትጣራ መልስ የለም። ያን ጊዜ ጃርት እግሩ ሥር የክሩን ጥቅል ብቻውን ሲሽከረከር አየው። ጥቅሉ ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረና ቀጥ አለ።

ጦጢት ክሩን በእጇ እየዳሰሰች ጉሙ ውስጥ ገባች፤ ጃርትም ተከተላት። ልጁን ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ኮፍያውን እስከ ዓይኑ ደፍቶ፣ እንጆሪ ሲበላ አገኙት። እናቱ አቅፋው አለቀሰችም ሳቀችም።

ቤት ሲደርሱ ጦጢት መርፌዎቹን ከየጅምሩ ላይ ልትነቅል ስትል ጃርት እጇን ያዛት። ጀርባው ላይ ከቀሩት እሾሆች ሁለቱን ነቅሎ አቀበላትና፣

«ለእኔም ልጅ ኮፍያ ጀምሪለት» አላት።