የጭላቆ የትፍታ ክምር

ከጭላቆ መንደር ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚወጋ የተፈለጠ ድንጋይ ክምር አለ፤ ስሙም የትፍታ ክምር ነው። የአገሩ ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ እንትፍ ይልበታል። «እንዲህ የሚያምር ነገር ላይ እንዴት ይተፋል?» ብሎ የሚገረም እንግዳ ካለ፣ ሽማግሌዎች ነገሩን ከሥሩ ያወሩለታል።

በድሮ ዘመን በጭላቆ ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበር ይባላል። ገበሬ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ በሬዎቹን ጠምዶ እርሻውን ሳያጋምስ መዶሻውን አንሥቶ ወደ ወንዝ ይሮጥ ነበርና። ክብ ድንጋይ ካየ አያልፍም፤ ይፈልጠዋል፤ ውስጡ እንደ በረዶ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ተሸክሞት ይገባል። አይሸጠው፣ አይለውጠው፣ ለማየት ብቻ! ሚስቱ ውባለም ከመኝታዋ ስባሪ ስትጠርግ፣ ከሊጧ ጠጠር ስትለቅም ኖራ፣ በመጨረሻ የመዶሻው ድምፅ ራሱ ያቅለሸልሻት ጀመር። ኧረ ማንንስ አያቅለሸልሽ!

በዚያ አገር ልማድ፣ ሕፃን የሞተባት እናት ከወንዝ ክብ ድንጋይ መርጣ፣ አናቱን ቅቤ ቀብታ፣ ልጇን ታዝልበት በነበረው አንቀልባ አዝላ ወጥታ ከመቃብሩ ላይ ታኖረው ነበር። ውባለምም ጡት ያልጣለች ልጇ በሞተችባት ጊዜ፣ ድንጋዩን እሹሩሩ እያለች ዳገቱን ወጣች ይባላል። ጓንጉል ከቀብሩ ይልቅ ዓይኑን ከድንጋዩ ላይ አልነቅል ሲል አየችውና እጁን ያዘችው።

«የፈለግኸውን ፍለጥ፤ ይችን ግን እንዳትነካብኝ። ሌላ የቀረኝ የለም።»

«ምን ነካሽ፣ አብጃለሁ እንዴ?» አላት።

ክረምት ገባና ወንዙ ሞላ፤ የሚፈለጥ ድንጋይ ጠፋ። አንድ ማለዳ ጓንጉል ፊቱ በርቶ፣ በሁለት እጁ ሁለት ግማሽ ይዞ እየሮጠ ገባ።

«ውብዬ፣ ነይ እዪልኝ! እስከ ዛሬ ካገኘሁት ሁሉ ይቺ ትበልጣለች!»

የቀባችው ቅቤ ከድንጋዩ አናት ገና አልለቀቀም ነበር። ውባለም እንዳየችው ከሆዷ ያለው ሁሉ ወጣ፤ ከእግሩ ሥር አስመለሳት። አፏን ጠርጋ፣ «በሕይወት ሳለች አንድ ቀን እንኳ በዚህ ዓይን አላየሃትም» አለችው።

«ውስጧን ብታዪው እኮ...» አለ እሱ። ሽማግሌዎቹን እስከ ዛሬ የሚያንገሸግሻቸው ይህ ንግግሩ ነው።

ሽማግሌ ተቀምጦ ፈረደበት፤ ያከማቸውን ሁሉ በአንቀልባ እያዘለ አውጥቶ ከመንገድ ዳር ደፋ። ቀድማ የተፋችበት ውባለም ናት፤ ከኋላዋ አገሩ ሁሉ ተፋ። ሁለቱን ግማሾች ግን ለማንም አልሰጠችም፤ ውስጣቸውን ሳታይ ገጥማ፣ በአንቀልባዋ ጠፍር አስራ፣ ከልጇ አጠገብ ቀበረቻቸው።

ከዚያ ወዲህ በጭላቆ የሕፃን ድንጋይ ከመቃብር ላይ አይቀመጥም፤ አብሮ ይቀበራል እንጂ። አሁንም መዶሻና ቦርሳ የያዙ ሰዎች እየመጡ፣ «የሚያብለጨልጭ ድንጋይ የት እናገኛለን?» ይላሉ። ሴቶቹ የትፍታውን ክምር ያሳዩዋቸዋል። ሰዎቹም ተንበርክከው፣ እያደነቁ፣ በእጃቸው እየጠረጉ ያነሡታል። ከሕፃናቱ ጋር ስለ ተቀበረው ድንጋይ ግን የሚነግራቸው የለም።