የቤት ካርታው የገባበት ጆንያ

በአንድ ወቅት፣ ደሴ ከተማ፣ አንድ ዳገታማ ሰፈር ደንብ አወጣ። ቆሻሻ የሚወጣው ማክሰኞ ብቻ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ነው። የምግብ ትራፊ በአንድ ጆንያ፣ ወረቀትና ላስቲክ በሌላ ይሆናል። ተደባልቆ የተገኘ ግን ከነወረቀቱ ጉድጓድ ገብቶ ይቀበራል።

እዚያ ሰፈር እትዬ የሺመቤት የሚባሉ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። የባላቸው ወንድም «ቤቱ የእኔ ነው» ብሎ ከሷቸው፣ ዳኛው የቤቱን ካርታ ይዘው ለዓርብ እንዲቀርቡ አዘዙ። እሳቸው ግን ማክሰኞ ማለዳ ቤት ሲያጸዱ ካርታውን ሳያውቁት ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ጆንያ ውስጥ ከተቱት፤ የድንች ልጣጭም ደፉበት።

ጆንያውን የምታወጣላቸው ጎረቤታቸው ዘሀራ ናት፤ በረንዳ ላይ ልብስ የምትሰፋ። ስታነሳው ከበዳትና ፈታችው። እንደነበረ መልሳ ብታስረው የሚያያት አልነበረም። «ደንብ ደንብ ነው» ብላ ልጣጩን በእጇ ለቅማ ለየች። ወረቀቱ ወደ ቆሻሻ ሰብሳቢው ማኅበር መጋዘን ሄደ። ምን እንዳዳነች አላወቀችም።

ረፋዱ ላይ እትዬ የሺመቤት ነገሩ ገባቸው። «ካርታዬን ላገኘልኝ ሰው የመንገድ ዳሯን ክፍል እሰጣለሁ!» ብለው ጮኹ።

የማኅበሩ የቆሻሻ ጋሪ ገፊ ይመር ሰማ። የወረቀቱ ጆንያዎች መኪና ላይ ተጭነው ፋብሪካ ሄደው ሊፈጩ ነበር። ጋሪውን መንገድ ላይ ትቶ ቁልቁል ሮጠና መኪናው ፊት ተገተረ።

«ዞር በል!» አለው ሾፌሩ።

«ካልዳጥከኝ አትሄድም!»

ጭነቱ ወረደ። ማኅበሩ ግን «ግማሹ ሰፈር ቆሻሻው ሳይነሳ ዋለ» ብሎ ይመርን ከሥራ አሰናበተው።

የወረደው ጆንያ ሁለት መቶ ይሆናል። ከፊቱ የተቀመጠው ጫማ ሰፊው እንድሪስ ነው፤ እሱም ላስቲክ ወጥሮ ሜዳ ላይ የሚሠራ። ማክሰኞን፣ ረቡዕን፣ ሐሙስን ሥራ ፈትቶ አንድ በአንድ በረበረ። እትዬ የሺመቤት ራሳቸው ተስፋ ቆርጠው «ተወው ልጄ፣ ይበቃሃል» አሉት።

«ክፍሏን እፈልጋታለሁ፣ እትዬ። አልዋሽዎትም» አለና ቀጠለ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ካርታውን አገኘ።

ዓርብ ዳኛው ለእትዬ የሺመቤት ፈረዱ። ቅዳሜ ሦስቱም ክፍሏን ሊጠይቁ መጡ።

«እኔ ባልለየው ከነልጣጩ ተቀብሮ ነበር» አለች ዘሀራ።

«አንቺማ ሁሉም ሰው ማድረግ የሚገባውን ነው ያደረግሽው» አለ ይመር። «እኔ እንጀራዬን አጥቻለሁ።»

«ቃል የተገባው ላገኘ ሰው ነው» አለ እንድሪስ። «ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

እትዬ የሺመቤት ሦስቱንም ሰሙ። ማንም አልዋሸም። ክፍሏ ግን ከአንድ ሰው በላይ አታሠራም።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ የክፍሏ ቁልፍ ለማን ይሰጥ?